ተቀባዩ ጠፍቶ ካንሰሩ እንዴት ይብሳል? የአንድ ክር ውሎ

ኢንተርኔት መወያያ ላይ ይኼን የጥያቄና የመልስ ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ነበር። አጎቴን ከሕክምና መልሼ፣ ሾርባቸውን አሙቄ ሰጥቼ ቤቴ ስገባ ነው የጻፍኩት። ጋሼ የምላስ ሥር ካንሰር አለባቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ታክመው ድነዋል ተብሎ ነበር። ዘንድሮ አንገታቸው ላይ ተመልሶ መጣ። አሁን እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በየሳምንቱ ሴቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት በደም ሥራቸው ይሰጣቸዋል። ፊታቸውና ደረታቸው ብጉር በሚመስል ሽፍታ ተሞልቷል።

ጥያቄዬ ይኼ ነበር። ሴቱክሲማብ ኢጂኤፍአር የሚባል ተቀባይ ይዘጋል። ተቀባይ ማለት ሴሉ ገላ ላይ ተተክሎ ከውጭ የሚመጣ መልእክት የሚሰማ ፕሮቲን ነው። እንደ ጆሮ በሉት። ከ10 የራስና የአንገት ካንሰሮች በ8ቱ ወይም በ9ኙ ይኼ ጆሮ ከልክ በላይ በዝቶ ይገኛል። ስለዚህ ሲደፈን ዕድገቱ ይቀንሳል። እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ግን ስለዚሁ በሽታ ሳነብ ቲጂኤፍ ቤታ የሚባል ሌላ የዕድገት ፋክተር፣ ማለትም ሴሎች የሚላላኩት መልእክት፣ ገጠመኝ። የእሱ ሁለተኛ ዓይነት ተቀባይ በብዙ የራስና የአንገት ካንሰሮች ላይ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሲጠፋ በሽታው ይከፋል። ታዲያ አንዱ ጆሮ ሲደፈን የሚሻለው፣ ሌላው ሲጠፋ የሚብሰው ለምንድን ነው? ሁለቱም የሚሰሙት የዕድገት ፋክተር አይደለም እንዴ?

እስከ ትናንት ማታ 23 መልስ መጣ። ክሩ ረዝሞ በየአቅጣጫው ስለሄደ፣ ዘግይታችሁ ለገባችሁ በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

1ኛው መልስ ጸሎት ነበር። አትላንታ የሚኖሩ አንዲት እናት ለጋሼ ምሕረቱን እንዲያወርድላቸው ተመኝተው ወጡ። ስለ ተቀባይ አንድ ቃል የለውም። ለጋሼ አነበብኩላቸው፣ አሜን አሉ።

2ኛውን የጻፈው የሕክምና ተማሪ ነው፣ በጣም ትሑት ልጅ። ኢጂኤፍአርን በነዳጅ፣ ቲጂኤፍ ቤታን በፍሬን መስሎ አስረዳ። ነዳጁ ተረግጦ የቀረ መኪናም፣ ፍሬኑ የተበጠሰ መኪናም መጨረሻቸው ገደል እንደሆነ ነገረኝ። ሽፋን ሴሎች፣ ማለትም ቆዳንና የአፍን ውስጥ የሚለብሱት፣ ቲጂኤፍ ቤታን ሲሰሙ መባዛት እንደሚያቆሙ፣ ተቀባዩ የጠፋበት ሴል ግን ቁም የሚለው ትእዛዝ እንደማይደርሰው ጨመረበት። ጥሩ ነው። ግን ፍሬን ከሆነ ማን የዕድገት ፋክተር አለው?

ይኼን 3ኛው መለሰው። ጀርመን የሚሠራ የባዮኬሚስትሪ ሰው ነው፣ ታሪኩን ከሥሩ ጀመረ። ስታንሊ ኮኸን በ1962 ከአይጥ የምራቅ ዕጢ አንድ ነገር አጥርቶ ማውጣቱን ተረከ። ገና የተወለዱ አይጦችን ሲወጋበት ዐይናቸው ያለጊዜው ተገለጠ፣ ጥርሳቸውም ቀድሞ በቀለ። ኢጂኤፍ የተባለው፣ ኢጂኤፍአር የሚሰማው መልእክት፣ ይኼ ነው። ኮኸንና ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ በ1986 ለዕድገት ፋክተሮች ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። መጀመሪያ የተገኘው ከመንጋጋ ሥር ካለ ዕጢ መሆኑ እኔን በጣም ነካኝ። የጋሼ ካንሰር ያለው ከዚያ ጥቂት ጣት ብቻ ርቆ ነው።

ቲጂኤፍ ቤታ ደግሞ ስሙን ያገኘው በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደሆነ ይኸው ሰው ጻፈ። በብልቃጥ ውስጥ አንድ ዓይነት ጤነኛ ሴሎችን እንደ ካንሰር ሴል በለስላሳ ጄል ውስጥ እንዲያድጉ አደረጋቸው። ለዋጭ የዕድገት ፋክተር ተባለ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1984፣ ከኩላሊት ሴሎች የተገኘ አንድ የዕድገት ማቆሚያ ከእሱ ጋር እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። አንዱን ዓይነት ሴል ያሳደገው ነገር ሌላውን ዓይነት ያቆማል ማለት ነው። ስሙ ግን ወጥቶ ነበር። ግማሽ ግራ መጋባቴ እዚህ ላይ ተፈታ። ስሙን አምኜ ነበር የተሳሳትኩት።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ቋንቋ ሄደ። 4ኛው ስም ይወጣል ከቤት ይከተላል ጎረቤት የሚለውን አስታውሶ፣ ቤተ ሙከራ ያወጣውን ስም ዓለም ሁሉ ተከትሎት እንደቀረ ጻፈ። እኛ ግን የመከተል ግዴታ ስለሌለብን ፋክተር የሚለውን ትተን የዕድገት አዛዥ እንድንል ጠየቀ። 5ኛው አልተስማማም። ቲጂኤፍ ቤታ አንዴ ቁም፣ አንዴ ሂድ የሚል ከሆነ አዛዥ ማለት ስህተቱን በአማርኛ መድገም እንደሆነ፣ መልእክት ቢባል እንደሚሻል ተከራከረ። እኔ ከ5ኛው ጋር ነኝ። 6ኛው ያነሳው ነገር ደግሞ ትክክለኛ ችግር ነው። ራስ የሚባል፣ ሲነቃ ሴሉን እንዲባዛ የሚገፋ ጂን አለ። በአማርኛ ስንጽፈው ከጭንቅላት ጋር ይምታታል። ጂኑ ስሙን ያገኘው ከአይጥ ሳርኮማ የእንግሊዝኛ ምሕጻር መሆኑን፣ ከራስ ቅል ጋር ዝምድና እንደሌለው አስረዳ። ከዚህ በታች የራስ ጂን ስል እሱን ነው።

7ኛው መልስ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው የፈረንጅ ዶሮና ወተት በዕድገት ፋክተር የተሞላ ስለሆነ ካንሰሩ ከዚያ እንደመጣ፣ ጋሼም እነዚህን ቢያቆሙ እንደሚድኑ፣ ሐኪሞች ይኼን የሚደብቁት ለገንዘብ እንደሆነ በእርግጠኝነት ጻፈ። 8ኛው፣ እንግሊዝ አገር የሚሠራ ሐኪም፣ ተቆጣ። እነዚህ መልእክቶች ፕሮቲን እንደሆኑ፣ ሆድ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን እንደሚፈጫቸው፣ ኢጂኤፍ በራሳችን ምራቅና በእናት ጡት ወተት ውስጥ እንዳለ ጻፈ። እዚህ ድረስ ልክ ነው። ከዚያ ግን ሰውየውን አላዋቂ ብሎ፣ እንዲህ ያለ ምክር ሰው ይገድላል አለው። 9ኛዋ እህት ገብታ ስህተቱን አርመህ ሰውየውን ማክበር አያቅትህም ስትል ገሠጸችው። እኔም ዶሮውን የሚፈራው ሰው ለጋሼ አስቦ እንደጻፈ አምናለሁ። ግን የሚውጡት ነገር ሁሉ የሚያቃጥላቸው ሰው እንቁላልና ወተት ቢከለከሉ ክብደታቸው ምን ላይ ይወርዳል? በዚህ ጉዳይ ከሐኪሙ ጋር ነኝ።

10ኛው ለእኔ የክሩ ልብ ነው። የጀርመኑ ሰው ተመልሶ መጣና አንድ ሙከራ አብራራ። በ2006 የወጣ የኦሪገን የጤናና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፣ የሺያኦ-ጂንግ ዋንግ ቡድን። የቲጂኤፍ ቤታ ሁለተኛ ተቀባይ ጂን አይጦቹ አፍ ውስጥ ብቻ እንዲጠፋ አደረጉ። በመላ ሰውነት ቢጠፋ አይጡ ገና በእናቱ ማሕፀን ይሞት ነበር። ስለዚህ ጂኑን የሚቆርጥ መቀስ አፍ ሽፋን ሴሎች ውስጥ አስቀመጡ። መቀሱ የሚነሳው አፋቸው ውስጥ አንድ መድኃኒት ሲቀባ ነው።

ውጤቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ተቀባዩ ብቻውን ሲጠፋ ካንሰር አልመጣም። የራስ ጂን ብቻውን ሲነቃም የራስና የአንገት ካንሰር አልመጣም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ሁሉም አይጦች ላይ መጣ። አንዳንዶቹ ላይም ተሰራጨ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከሰው ካንሰር አይለይም ነበር። ያው ቡድን የሰው ናሙና ሲያይ ደግሞ ተቀባዩ በብዙዎቹ ቀንሶ አግኝቷል።

11ኛው የ2ኛውን የፍሬን ምሳሌ አንስቶ ጠየቀ። ፍሬኑ ተበጥሶ መኪናው ካልሄደ ምሳሌው የት ላይ ነው የሚሠራው? ተማሪው ራሱ በ12ኛው መለሰ፣ ስህተቱንም አመነ። የቆመ መኪና ፍሬኑ ቢበጠስም ሜዳ ላይ ከሆነ እንደማይንቀሳቀስ፣ ነዳጅ የሚሰጠው ሲመጣ ግን የሚያቆመው እንደሌለ ጻፈ። ከዚያ የ10ኛው ጸሐፊ ያለፈውን ነገር ጨመረ። በእነዚያ አይጦች ዕጢ ውስጥ ቲጂኤፍ ቤታ ራሱ ጨምሮ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዋናው ነገር ይኼ ነው። ጆሮውን ያጣው ሴል አፉ አልተዘጋም። እሱ አይሰማም፣ ግን ይጮኻል፣ እንዲያውም ከበፊቱ አብልጦ። ጎረቤቶቹ ጆሯቸው ደህና ነው። የደም ሥር ሴሎች ሰምተው ወደ ዕጢው አዲስ ቅርንጫፍ ይዘረጋሉ። የነጭ ደም ሴሎች ሰምተው ይሰበሰቡና ብግነት ይፈጠራል። ስለዚህ ተቀባዩ ሲጠፋ በሽታው የሚከፋው መልእክቱ ስለቆመ አይደለም። መልእክቱ አለ፣ የሚያቆመው ሴል ብቻ ነው ከሰሚዎቹ የወጣው። የፍሬን ምሳሌ ይኼን አይነግራችሁም። የተበጠሰ ፍሬን ሰፈሩን አያነሳሳም። 4ኛው ጸሐፊ ያመጣው ተረት ላይ ያለው ጎረቤት ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

የጀርመኑ ሰው በ13ኛው ሌላ ነገር አከለ። መልእክቱ ከተቀባዩ ወደ ውስጥ የሚጓዘው ስማድ በሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። ሁለተኛው ተቀባይ አንደኛውን ያነቃል፣ አንደኛው ስማድ2ንና ስማድ3ን፣ እነሱ ከስማድ4 ጋር ተጣምረው ጂኖቹ ወዳሉበት የሴሉ ማዕከል፣ ወደ ኒውክሊየስ፣ ይገባሉ። እዚያ መባዛትን የሚያቆሙ ጂኖችን ያበራሉ። በ2009 ያው ቡድን ስማድ4ን ከአይጥ አፍ ሲያጠፋ፣ ከተቀባዩ በተለየ፣ ካንሰሩ ያለ ሌላ አጋዥ በራሱ መጣ። የዲኤንኤ ጥገና የሚያካሂዱ ጂኖችም ደክመው ነበር፣ ፋንኮኒ በሚባለው የዘር በሽታ የሚበላሹት ዓይነት። ፋንኮኒ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ለራስና ለአንገት ካንሰር በጣም የተጋለጡ ናቸው። በሰው ላይ ስማድ4 የሚቀንሰው ዕጢው ላይ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ጤነኛ የሚመስል ሽፋን ላይም መሆኑ አስደነገጠኝ። ጋሼ ከተቆረጠላቸው ጎን ያለውን ሥጋ አሰብኩ።

14ኛው ጫትን አመጣ። ጫትና ሺሻ የጉሮሮ ካንሰር ዋና ምክንያት እንደሆኑ፣ ስለ ተቀባይ ማውራት ጊዜ ማጥፋት እንደሆነ ጻፈ። 15ኛው ለሁለተኛው ክፍል ጥሩ መልስ ነበረው። ትምባሆና አልኮል የታወቁ ጠንቆች መሆናቸውን፣ ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳቱ እንደሚባዛ፣ ጫት ቃሚው ብዙ ጊዜ አጫሽ ስለሆነ የጫትን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ከባድ እንደሆነ አስረዳ። ተቀባይ የሚጠፋውም ጂን ሲጎዳ ወይም ዝም ሲል ነው፣ የትምባሆ ጭስ ጂን ይጎዳል። ሁለቱ ወሬ አንድ ወሬ ነው።

16ኛዋ ዳላስ የምትሠራ ነርስ ናት። ለእኔ የሚጠቅም ነገር የጻፈችው እሷ ነች። ሽፍታው አለርጂ ሳይሆን መድኃኒቱ ቆዳ ላይ ያለውንም ኢጂኤፍአር ስለሚዘጋ የሚመጣ እንደሆነ፣ ለብጉር የሚሸጥ ቅባት እንዳንቀባ፣ ፀሐይ እንዳያገኛቸው ነገረችን። በየጊዜው የማግኒዥየም ምርመራ እንዲደረግላቸው እንድጠይቅ አስታወሰችኝ። ኩላሊት ማግኒዥየምን የሚያስቀረው በዚሁ ተቀባይ በኩል ነው፣ መድኃኒቱ ሲዘጋው በሽንት ይወጣል። ረቡዕ ጠየቅኩ። ዝቅ ብሎ ነበር። እህቴ፣ ስምሽን የማላውቀው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

17ኛው ከናሽቪል ነው፣ ክሩንም ጭራሽ ሌላ ቦታ ወሰደው። ጎረቤቱ ገና የመጀመሪያው ሴቱክሲማብ ሲጀመርለት ትንፋሹ ቆሞ ሊሞት ነበር። በኋላ ሲመረመር ምክንያቱ መዥገር ሆኖ ተገኘ። ታሪኩ እውነተኛ ሳይንስ አለው። በቴነሲና በሰሜን ካሮላይና አካባቢ ይኼ አለርጂ መብዛቱ በ2008 ተጽፏል። መድኃኒቱ ላይ አልፋ-ጋል የሚባል ስኳር አለ። የዚያ አገር መዥገር የነከሰው ሰው ለዚህ ስኳር አለርጂ ሊያበጅ ይችላል። ያው ስኳር በበሬና በበግ ሥጋ ውስጥም አለ። 18ኛው ወዲያው ክትፎ መብላት ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ 19ኛው ስለ ጥሬ ሥጋና ኮሶ ረጅም ነገር ጻፈ። እሱን እዘለዋለሁ። ግን በነዚያ ስቴቶች ያላችሁ፣ ሥጋ በልታችሁ ከሰዓታት በኋላ ሰውነታችሁ እያበጠ የሚያሳክካችሁ ከሆነ፣ ይኼን መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪም ንገሩ።

20ኛው መልስ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። አንዲት ልጅ አባቷን ያጣችው ባለፈው ዓመት ነው። የማንቁርት ካንሰር ነበረባቸው። ኩላሊታቸው ደካማ ስለነበር ከጨረር ጋር ሲስፕላቲን የሚባለው ኬሞቴራፒ ሳይሆን ሴቱክሲማብ ተሰጣቸው። በኋላ በ2018 የወጡ ሁለት ጥናቶች ሴቱክሲማብ ከሲስፕላቲን ያነሰ መሆኑን እንዳሳዩ አነበበች። ቁጥሩንም ታውቀዋለች። በአሜሪካው ጥናት ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በሲስፕላቲን ከ100 ወደ 85 ሲጠጉ፣ በሴቱክሲማብ 78 ነበሩ። አባቷን የገደለው የተሳሳተ ተቀባይ መዝጋት እንደሆነ፣ እሷም ዝም በማለቷ ተባባሪ እንደሆነች ጻፈች። ለእኔም ተናደደችብኝ። ለጋሼ ለምን ሲስፕላቲን አልጠየቅክም ነው ነገሩ።

21ኛው ያ የተቆጣው ሐኪም ነው። አሁን ሌላ ሰው ነበር። ሁለቱ ጥናቶች የተሠሩት በኤችፒቪ ቫይረስ በመጣ የጉሮሮ ካንሰር ላይ ብቻ እንደሆነ፣ የአባቷ ማንቁርት ግን ከዚያ ውጭ እንደሆነ ቀስ ብሎ አስረዳት። የገቡት ሰዎች ሁሉ ሲስፕላቲን መውሰድ የሚችሉ ነበሩ። ደካማ ኩላሊት ያለበት ሰው ሲስፕላቲን ቢሰጠው ኩላሊቱ ሊቆም ይችላል። ለአባቷ የሚመለከተው የ2006ቱ ጥናት ነው። 424 ሰዎች ነበሩበት፣ ማንቁርትም ተካትቷል። ጨረር ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ29 ወር ትንሽ በላይ ሲኖሩ፣ ሴቱክሲማብ የተጨመረላቸው ግማሾቹ 49 ወር ኖረዋል። ለአባቷ ከነበረው ምርጫ የተሻለው እንደተሰጣቸው ጽፎ፣ በ8ኛው መልስ ለተናገረውም ይቅርታ ጠየቀ። ልጅቷ አልመለሰችም። አንብባው እንዲሆን እመኛለሁ።

ለእኔ ላነሳችው ደግሞ እዚሁ ልመልስላት። የጋሼ የተመለሰ በሽታ ነው። ሲስፕላቲን መጀመሪያ ላይ ወስደዋል።

22ኛው ጋሼ የቲጂኤፍ ቤታ ተቀባያቸው ጠፍቶ እንደሆነ እንዳስመረምር መከረኝ። እኔም ይኼንኑ ፈልጌ ነበር። ሐኪሟን ጠየቅኳት። ይኼ ምርመራ በተለመደው ሕክምና ውስጥ የለም። ቢታወቅም ዛሬ የሚቀየር መድኃኒት የለም። የሚመረመሩት ኤችፒቪን የሚጠቁመው ፒ16 እና ለኢሚውኖቴራፒ፣ የሰውነትን መከላከያ ለሚያነሳሳው ሕክምና፣ የሚታየው ፒዲኤል1 ናቸው። የጋሼ ሁለቱም ተሠርቷል። ቲጂኤፍ ቤታን የሚያጠምድ መድኃኒት ተሞክሮ ነበር። ቢንትራፉስፕ አልፋ ይባላል። በሳንባ ካንሰር ላይ ይሠራበት የነበረው ትልቅ ሙከራ በ2021 ተቋረጠ። የመልእክቱ ጠባይ እንደ ሰሚው ስለሚለያይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መዝጋት ቀላል አይደለም። የ2006ቱ ተመራማሪዎች ሐሳብ ግን አሁንም ልክ ይመስለኛል። ዕጢው ውስጥ ያለውን ነዳጅ መዝጋት፣ ጎረቤቶቹ ላይ የሚደርሰውን ጩኸት ደግሞ ለብቻው ማስቆም።

23ኛው ባሕር ዳር የሚያስተምሩ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ለክፍላቸው የሚያሳዩት ሥዕል እንዳለኝ ጠየቁ። ስላልነበረኝ ዛሬ ጠዋት ጋሼ አጠገብ ቁጭ ብዬ በደብተር ወረቀት ላይ ሣልኩት። መሀል ላይ አንድ ትልቅ ሴል። ኢጂኤፍአር ብዙ፣ ቀይ። የቲጂኤፍ ቤታ ጆሮ የነበረበት ቦታ ባዶ፣ በነጠብጣብ። ከሴሉ የሚወጡ ቀስቶች ወደ ደም ሥሩና ወደ ነጭ ደም ሴሎች። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና የእሳቸው መድኃኒት የቱ ጋ እንደሚገባ ጠየቁኝ። ቀዩ ላይ ጠቆምኩላቸው። ከዚያ ጣታቸውን ቀስቶቹ ላይ አድርገው ለእነዚህስ ምን አለ አሉ። ገና እየተሠራበት እንደሆነ ነገርኳቸው።

ሥዕሉን 24ኛ አድርጌ ለጥፌዋለሁ። የስማድ4ን ቦታ አሳስቼ ከሆነ የጀርመኑ ወንድሜ ያርመኝ፣ መምህሩ ሰኞ ነው የሚያስተምሩበት።